ኮች ይበልጣልና የሐሙሱ ስልክ

ጎንደር ከተማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ሃያ ሦስት ዓመት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጠነ ይበልጣል የሚባል የስፖርት መምህር አለ። ተጫዋቾቹ «ኮች» ይሉታል። ባልደረቦቹ ግን ዞር ሲል «አቶ ዘንድሮ» ነው የሚሉት። መስከረም በጠባ ቁጥር «ቡድኑ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበርና፦ «ዘንድሮስ ሸጋ ነው!» እንዲህ እያለ ቡድኑ ከታችኛው ምድብ ንቅንቅ ሳይል እሱ ሸበተ። አንድ ዓመት ቁመት ያላት ልጅ ይጠፋል፤ ቁመት ሲገኝ ሯጭ ይጠፋል፤ ሁለቱም በተሟሉበት ዓመት ደግሞ አምበሏ በጥር አግብታ ቀረች። ሠርጓ ላይ ላብ እስኪያጠምቀው ጨፍሮ፣ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለሐረገወይን «ምን ነበረበት ሰኔን ብትጠብቅ!» ማለቱን እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

ማስተዋል የመጣችው ለጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። የምዝገባ ዕለት ተማሪው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሲገፋፋ፣ አንዲት ልጅ ከሁሉም ኋላ ቆማ በሰው አናት ላይ ስሟን ትፈልጋለች። ይበልጣል እግሩ እንዴት እንዳደረሰው አያውቅም።

«ልጄ፣ ኳስ ትወጃለሽ?» አላት።

«ኧረ እኔ ነክቼም አላውቅ» አለችና ትከሻዋን አጎበጠች። አገሯ ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። «ይቺን ቀውላላ ማን ያገባታል?» ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ ነበረች። አባቷ በሕፃንነቷ ሞቶ፣ ያሳደጓት እናቷ ወይዘሮ እናኑና ታላቅ ወንድሟ ሰጠኝ ናቸው።

ይበልጣል አንድ ዓመት ሙሉ ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ሜዳ እያስወጣ አሠለጠናት። ኳስ አያያዝ ከማስተማሩ በፊት አቋቋም አስተማራት። በዓመቱ ቅርጫቱ ሥር ስትቆም የሚያልፋት ጠፋ። ምሳ ስትበላ «ጨምሪ» የሚላት፣ ብርድ ሲመታት ፌጦ የሚያስልክላት እሱ ነበር። ልጅ አልወለደም፤ ይህን ሐረገወይን ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፤ ማንም ግን አላነሳበትም።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጨዋታ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ከባሕር ዳር የሚመጣውን ቡድን ካሸነፉ፣ በመጪው ዓመት ከላይኛው ምድብ ይገባሉ። ከተሸነፉ ግን ዲኑ በማያሻማ ቃል ነግሮታል፤ ቡድኑ ይበተናል። ይበልጣል ማስተዋልን ባየ ቁጥር ልቡ ይሞላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋው የእውነት ተስፋ ነበረ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ልምምድ ላይ ሳሉ፣ ስልኩ ጮኸ።

«አያ ይበልጣል ነዎት? ሰጠኝ ነኝ፣ የማስተዋል ወንድም። እናታችን ታማብናለች። ብቻዋን ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ እርስዎ ዘንድ ደወልሁ። ሰው አስይዘው ይላኩልን።»

ይበልጣል ክው አለ። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ለልጁ «ታሟልና ድረስ» ይባላል፤ መርዶው የሚረዳው ከቤት ሲደርስ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። ይህን ደግሞ ይበልጣል በራሱ ላይ አይቶታል። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ወደ እንፍራንዝ ሲሄድ፣ አውቶብሱ ማክሰኝት ላይ ሲቆም ብርቱካን ገዛላቸው። ሲደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ብርቱካኑን እንደታቀፈ ነበር የወደቀው።

«ወንድሜ፣ እኔ ባዳ ነኝ፤ እውነቱን ንገረኝ። አርፈዋል?» አለው።

«ኧረ ምነው አያ! ታማ ነው አልሁዎ እኮ!»

ይህንንም ያውቀዋል። ያኔ እሱም ደጋግሞ ጠይቆ፣ ደጋግመው እንዲሁ ብለውት ነበር። በልቡ «ነፍስ ይማር» አለና ሜዳውን አየ። ማስተዋል ከጓደኛዋ ከቤዚ ጋር ኳስ እየተነጣጠቀች ትስቃለች። ሞተው ከሆነ ቀብሩ ዛሬ ነው፤ አትደርስም። የሞተ አይነሣ። መርዶ ለአራስ ይዘገያል፣ ለሙሽራ ይዘገያል፣ ለተፈታኝ ይዘገያል፤ ሁለት ቀን ቢዘገይ ማን ይጎዳል?

«ፈተና ላይ ናት። እሑድ በጠዋት እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ» አለው።

«ፈተና ከሆነማ ምን ይደረጋል። ብቻ አይቆዩብን፣ አያ» አለ ሰጠኝ።

ፈተናው ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሰጠኝ እንደገና ደወለ። «አያ፣ ስሟን እየጠራች ነው» አለ። ይበልጣል ግን ይህንንም የልጅቱን እግር ለማፋጠን የሚሉት ነው ብሎ ዋጠው። ለምሳ ቤቱ ሲገባ ለሐረገወይን ነገራት።

«እውነት ታመው ቢሆንስ?» አለች፣ እጇን ከማዕዱ አንሥታ።

«ሐረግ፣ የእናቴን ጊዜ ረሳሽው? ታመዋል አላሉኝም?»

«አንተ ሰው፣ ያንተ እናት ሞተው ቆዩህ ተብሎ የሰው እናት ሁሉ ሞታለች? ልጅቱን ስደዳት! ኳሱ የትም አይሄድ!»

ምሳውን ጨርሶ ወደ ሜዳው ሄደ። ሰው ለሚፈልገው ነገር ምክንያት አያጣም፤ ይበልጣል ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት የፈለገው ነገር ነበረው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት እንዴት በቀለለ!

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ማስተዋል እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም። ኳስ ከሰው እጅ ላይ እየቀጠፈች ታገባለች፤ ባገባች ቁጥር ወደ ኮቿ ዞራ ጥርሷን ታሳየዋለች። እሱ ግን እናት የሌላት ልጅ ስትስቅ እያየ እንባው ይመጣል። ተጫዋቾቹ ደስታ መሰላቸው። በሦስት ነጥብ አሸነፉ። ሜዳው ቀውጢ ሆነ፤ ልጆቹ እሱን ተሸክመው ዞሩ፤ ማስተዋል ነጠላዋን አገልድማ እስክስታ ወረደች። ዲኑ ሳይቀር መጥቶ እጁን ጨበጠው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭፈራው ሳይበርድ፣ ስልኩ ጮኸ።

«አያ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ሰጠኝ፤ ድምፁ ተቆራርጧል። «እናታችን አረፈች።»

«መቼ?»

«አሁን። ግማሽ ሰዓት ቢሆናት ነው። ቀብሩ ነገ ነው። ልጅቱን እንደምንም አድርገው ያድርሱልን።»

ይበልጣል የቅርጫቱን ብረት ተደገፈ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በሕይወት ነበሩ። ሐሙስ ቢልካት ሁለት ቀን ሙሉ ነበራቸው። ዓርብ ቢልካት አንድ ቀን። ዛሬ እንኳ፣ የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ መኪና ቢያሳፍራት፣ ትደርስ ነበር። ማስተዋል ከጭፈራው መሐል «ኮች፣ ይምጡ እንጂ!» ብላ ጠራችው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሐረገወይን ሁለት ሴቶች ይዛ ማደሪያዋ ድረስ ሄዳ አረዳቻት። ይበልጣል ውጭ ቆሞ ጩኸቷን ሰማ። ወገራ ድረስ ይዟት ሄዶ ከቀብሩ አደረሳት። መንገድ ላይ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮች፤ እርስዎ ባይኖሩ ማን ያደርሰኝ ነበር» ስትለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በሣልስቱ ቡድኑን ይዞ ተመልሶ ሄደ። ልጆቹ አልቅሰው ከድንኳኑ ከተቀመጡ በኋላ ማስተዋል መጥታ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ አብጧል።

«ኮች፣ ሐሙስ ነው የተደወለልዎት?»

«ሐሙስ ነው።»

«ሰጠኝ ፈተና ላይ ናት አሉኝ አለ። ፈተና አልነበረኝም እኮ።»

መንገድ ሙሉ ሲያሰላስለው የመጣ ማስተባበያ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር።

«ሞተዋል ብዬ ነው፣ ልጄ። ታማለች ሲለኝ መርዶ መስሎኝ ነው። ለቀብሩም አትደርሺ ብዬ...»

ማስተዋል ቀስ ብላ ዞራ አየችው።

«ሞታለች ብለው ነው ያን ሁሉ ያስጨፈሩኝ?» አለች።

ተነሥታ ከአገሯ ሴቶች መሐል ገብታ ተቀመጠች፤ መስከረም ላይም ወደ ኮሌጁ አልተመለሰችም።