መስኮት የበላንበት ዘመን

በደርግ ጊዜ ጎፋ አካባቢ በነበረ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ እተክል ነበር። የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ስለሚቀር፣ ለምሳ ስንወጣ ዓለም በጥጥ የተጠቀለለች ትመስለኛለች። የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰኛል። ምሳ የምንበላባትን ምግብ ቤት የማስታውሳት በዚያ ድንዛዜ ውስጥ ሆኜ ነው።

ከፋብሪካው ጀርባ ያለች የጭቃ ቤት ናት፤ ያሏት ጠረጴዛዎች አራት ብቻ። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። የምስር ወጣቸውን የቀመሰ ሌላ ቦታ አይሄድም። ግን የምሳ ሰዓታችን አጭር ነው። ተራ ስንጠብቅ ደወሉ ይደወላል፤ ስንት ቀን ሳልበላ ተመልሻለሁ።

አንድ የክረምት ቀን፣ በሩ በሰው ተዘግቶ ስላገኘሁት በመስኮቱ በኩል ተጣራሁ።

«እትዬ፣ መቀመጫው ይቅርብኝ። ዳቦ ውስጥ አድርገው በዚህ በኩል ይስጡኝ።»

«ወጥ በዳቦ? ልብስሽ ላይ ሊፈስ?»

«ወፈር ያድርጉታ!»

ሳቁ። ዳቦውን ሰንጥቀው ወፍራሙን ምስር ሞሉበት፤ ቃሪያ ጣል አድርገው በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። በካፊያው ውስጥ እየበላሁ ተራመድኩ። እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ሲቀላቀል እግሬ መሬት የሚነካ አልመስል አለኝ። የጋዜጣው ቀለም ዳቦው ላይ ስለሚቀር ግማሽ መፈክር የበላሁበትም ቀን አለ።

በማግስቱ መስኮቱ ስር ስድስት ሆንን። መስከረም ሲጠባ እትዬ ጠረጴዛዎቹን አስወጥተው መስኮቱን አሰፉት፤ ቢጫ ቀለምም አስቀቡት። ሰዉ የምግቡን ስም ረሳና «መስኮት በላሽ?» መባባል ጀመረ።

ከዚያ ከሀና ማርያም የሚመጡ ሠራተኞች «እኛም ሰፈር ይክፈቱልን» ብለው ወተወቷቸው። ያኔ ግን አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አይችልም። እትዬ አንድ ቀን ዳቦዬን ሲያቀብሉኝ እጄን ያዝ አደረጉ።

«ፈቃዱ ለአንድ ሰው አንድ ነው። እኔ ሁለት ሰው መሆን አልችልም። አንቺ ሁኚልኝ።»

እናቴ «ደሞዝሽን ትተሽ መስኮት ላይ ልትቆሚ?» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ልቤ ሄዶ ነበር። ሀና ማርያም አንዲት ክፍል ተከራይቼ መስኮቷን ቢጫ ቀባሁ። እትዬ ድርሻ አልጠየቁኝም። ያሉኝ፣ «ሌላ ሴት ስትመጣ አትከልክያት» ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ አንድ ጎርሶ ፊቱን ያዞር ጀመር። «የጎፋው አይደለም» ይሉኛል። ቅመሙ ያው፣ ምስሩ ያው። ቢቸግረኝ ላክሁባቸው። እትዬ በአውቶቡስ መጡና ምድጃዬ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ረፋዱን ሙሉ አሠራሬን አዩ።

«ሽንኩርቱን እስከ ምን ድረስ ነው የምታቁላዪው?»

«እስኪቀላ።»

«አይደለም። ሽንኩርት መሆኑን እስኪረሳ ነው። ልጄ፣ ጥድፊያው በመስኮቱ በኩል ነው እንጂ በምድጃው በኩል አይደለም።»

እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው አብረን አማሰልን። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ውጭ ዝናብ መጥቶ ሄደ፤ ፀሐይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ተንቀሳቀሰች። በማግስቱ የመጣው ሰው ፊቱን አላዞረም።

ከዓመት በኋላ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ላፍቶ ከፈተች። የእሷ እህት ደግሞ ሌላ ቦታ። ሁሉም በየራሳቸው ፈቃድ፣ ሁሉም ባለ ቢጫ መስኮት። ውል የለ፣ አለቃ የለ። ዘይት ሲጠፋ ግን ያላት ለሌላት በጠርሙስ ትልካለች።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ለለቅሶ ወደማላውቀው ሰፈር ሄጄ ስመለስ፣ ባህር ዛፎች መሃል ቢጫ መስኮት አየሁ። ውስጥ ያለችውን ልጅ አላውቃትም። ገዛሁ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እህቴ።»

«እሷንስ?»

«እኔ እንጃ። ዋናው እኮ እዚህ ነው፤ ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው። እባክሽ ፈቀቅ በይ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።»

ፈቀቅ አልኩ። ዛፍ ተደግፌ በላሁና በቀጥታ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸውን ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። ያየሁትን ሁሉ፣ «ዋናው እዚህ ነው» መባሌንም ጭምር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

«ጣፈጠኝ።»

«በይ እንግዲያው» አሉና፣ ፈገግ እንዳሉ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።