ኮርቻ ሰፊው ሀምዱና ሦስቱ የሥዕል ቤቶች

በጣሊያን ዘመን ኮልፌ ውስጥ ጥሩ ኮርቻ የፈለገ ሰው የሚላከው ወደ ሀምዱ ቤት ነበር። ሀምዱ ዝምተኛ፣ እጁን የሚያምን ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃውን መርካቶ ያወርድና እስከ ቀትር ይሸጣል፤ ከዚያ ሌላው ሻይ ቤት ሲገባ እሱ ሥዕል ለማየት ይሄዳል።

ከሸማ ተራ ጀርባ ሦስት የሥዕል ቤቶች ነበሩ፤ ጠባብ የቆርቆሮ ክፍሎች፣ ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች የቅዱሳን ሥዕል የተሰቀለበት። ገዢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወሻ የሚወስዱ ጣሊያኖች ናቸው። ሀምዱ አይገዛም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ በአንድ ያያል፣ አመስግኖ ይወጣል። «እስላም ሆነህ ቅዱሳን ምን ያደርጉልሃል?» ሲሉት፣ «ፈረሶቹን ነው የማየው» ይላል።

አንድ ቅዳሜ በሦስተኛው ቤት፣ ሠዓሊው አለቃ ወልደ አማኑኤል ገና ካልጨረሱት የጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ብዙ ቆመ።

«አለቃ፣ ይህ ኮርቻ ጠፍር የለውም» አላቸው።

«ምን አልክ?»

«በፈረሱ ሆድ ሥር ዞሮ የሚያስረው ጠፍር። ሰውየው ዘንዶውን ሊወጋ ሲያዘነብል ከነኮርቻው ይገለበጣል።»

«አንተ ስለ ጊዮርጊስ ምን ታውቃለህ?» አሉ አለቃ፣ ከረር ብለው።

«ስለ ጊዮርጊስ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ኮርቻ ነው።»

ቀለም ስትፈጭ የነበረችው ሚስታቸው አየለች ቀና ብላ፣ «እውነቱን ነው» አለች።

በሳምንቱ ሀምዱ ማንም ሳይጠራው ኮርቻ ተሸክሞ መጣ። አግዳሚው ላይ ጭኖ ጠፍሩን ሳበና፣ «ይኸው፣ እያዩ ይሳሉት» ብሎ ቁጭ አለ። አለቃ ተኮሳትረው ዞሩት፤ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀና ሳይሉ ሳሉ።

ሥዕሉን የገዛው አንድ ጣሊያናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። በአለንጋው ጫፍ ጠፍሩን እያሳየ፣ በዚህ ገበያ ፈረስ የሚያውቅ ሠዓሊ እኚህ ብቻ ናቸው አለ፤ አስተርጓሚው ተረጎመው። አለቃ ምስጋናውን ለራሳቸው ማድረግ ይችሉ ነበር። «ያወቀው እሱ ነው» ብለው ጥግ ላይ ወደቆመው ሀምዱ አመለከቱ።

መኮንኑ ወዲያው ለጦሩ ኮርቻ እንዲሰፋ ጠየቀው። እነዚያ ፈረሶች አርበኛ ለማሳደድ እንደሚወጡ ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«እጄ ሥራ ሞልቶታል በለው» አለ ሀምዱ፣ ዓይኑን ሳይሰብር።

አስተርጓሚው ጥቂት አየውና በጣሊያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። መኮንኑ ሥዕሉን ይዞ ወጣ።

«ምን አልከው?» አለ ሀምዱ።

«ዓይኑ ደክሟል፣ የሚሰፋው ሁሉ ይጣመምበታል አልኩት።»

ሀምዱ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ የሌሎቹ ሁለት ቤቶች ሠዓሊዎችም ፈረስ በሳሉ ቁጥር ያስጠሩት ጀመር። ልጓሙ ላልቷል፣ እርካቡ አጥሯል ይላቸዋል፤ ያርማሉ።

ጣሊያን ሊወጣ ዓመት ሲቀረው አለቃ ስጦታ ሊስሉለት ፈለጉ። «ማንን ልሳልልህ?» አሉት።

«ማንንም አይሳሉ። ኮርቻዬን ይሳሉልኝ።»

ሰው የሌለበት ሥዕል ስለው ስለማያውቁ ሁለት ጊዜ ጠየቁት፤ ከዚያ ሳሉለት። ሚስቱ ሚስኪ ከበራቸው አጠገብ ሰቀለችው። ከሩቅ አገር ኮርቻ ሊያሰፋ የሚመጣ ገበሬ ብዙ ማስረዳት ቀረለት፤ ሥዕሉን በጣቱ እያሳየ፣ «እንደዚህ ያለ» ይላል።