የስቅለት ምሳ

በሰው አገር፣ ሙኑኪ ሰፈር ባለው ሆቴላችን ሰኞ ሰኞ ቦታ እንቀያየር የሚለው ሐሳብ የእኔ ነበር። አንድ ሰው ወባ ሲይዘው ሥራው ሁሉ ቀጥ ይል ነበርና፣ እኔ ከእንግዳ መቀበያው ወደ ወጥ ቤት፣ ልብስ አጣቢዋ ወደ እኔ ቦታ እንድንዞር ባለቤቱን ወተወትኳቸው። «ትሬኒንግ ነው ካልሽ እሺ» አሉኝ ጋሼ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ዋናዋ ወጥ ሠሪ ግን ከምድጃቸው ንቅንቅ አልልም አሉ። እኔ ማማሰያ ባነሳሁ ቁጥር «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ያቀራረበን ሁዳዴ ነው። እትዬ በጾም የፍስክ ወጥ አይቀምሱም፤ እንግዶቻችን ግን አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች ናቸውና ዶሮና ሥጋ ያዛሉ። በግምት የገባ ጨው አንድ ቀን ካዋረዳቸው ወዲህ፣ «ነይ አንቺ ጴንጤ፣ ቅመሺልኝ» ማለት ጀመሩ። እየቀመስኩ የሽንኩርቱን መብሰል፣ የበርበሬውን ሰዓት፣ የእሳቱን ልክ ለመድኩ። እሳቸው ማስተማራቸውን እንኳ አላወቁትም።

ከዚያ ጋሼ ጉድ ሠሩን። አንድ ድርጅት ለስብሰባ ትልቅ ምሳ አዘዘ፤ ምሳው ካማራቸው ክፍሎቻችንንም ለወራት ሊይዙ ነው። ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ ሰንብተዋል። ጋሼ ደስታው አናታቸው ላይ ወጥቶ «ዓርብ!» ብለው ቃል ሰጡ። የአገሩ ሰው ፋሲካውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀድሞ አክብሮ ጨርሶ ስለነበር፣ ጋሼ የእኛን ጾም እየጾሙ ስቅለቱን ረሱት።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ሽርጣቸውን ፈቱ። «ከስግደት ቀርቼ አላውቅም። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ።»

ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። ምሳው ቢቀር ሆቴሉ መዘጋቱ ነው፤ እትዬ ቢሄዱም ያው።

«ይሂዱ፣ እትዬ። እኔ አበስላለሁ» አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ። ያችን ዶሮ ሊያነሱብኝ ነው ስል የቅመሙን ቁም ሳጥን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። «ሽንኩርቱ ላይ እንዳትቸኩዪ» ብቻ አሉኝ።

ዓርብ ማልደው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔም ሽንኩርቱ ላይ አልቸኮልኩም። ዶሮው ገብቶ ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ግን ጋዙ አለቀ! እንባዬ መጣ። ልብስ አጣቢዋ መቀበያው ላይ ሆና ጩኸቴን ሰማች። ጋምቤላ ያደገች የአገሩ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። «ምን ያስለቅስሻል? ከሰል የኔ አይደል!» ብላ ለካውያዋ ፍም ያዘጋጀችበትን ምድጃ እንዳለ ተሸክማ አመጣችልኝ። ከዚያ እጇን ታጥባ ተመለሰችና በአገሩ ዐረብኛ «ኢታኩም ከፍ?»፣ እንደምን ናችሁ፣ እያለች እንግዶቹን እንደ አሮጌ ጓደኞቿ ተቀበለቻቸው።

በሉ። ጨምሩ አሉ። አለቃቸው እጁን ሳይታጠብ ጋሼን ጠርቶ ክፍሎቹን ያዘ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ አላፈርኩም፣ ይገባኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ እትዬ ከስግደት ደክመው መጡ። መቅመስ አይችሉም፤ የሚቀመስም አልተረፈም። የተጠረገውን ድስት ከፍተው አሸተቱ፣ ገጠሙትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጠዋት መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያለ ሽርጥ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ተነሺ» አሉኝ፣ «ተራዬ ነው።»

ወንበሬ ላይ በቅጡ ሳይደላደሉ ስልኩ ጮኸ። ደንበኛ ነው፤ ዓርብ ቀን ግብዣ ሊያዝ ይፈልጋል።

«ኢስታና ሹያ» ብለው አስጠበቁትና ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛ ካላንደር የት አለ?»