የጨረሩ ጎማና የአባባ ፓውደር

ጎማ ተራ ካለው የአባባ ሱቅ በስተኋላ አንዲት ጥግ አለች። ፊቷ እስከ ጣሪያ የተደረደረ አሮጌ ጎማ፣ ጀርባዋ ቆርቆሮ፣ መግቢያዋ በጎኔ ዞሬ የምሾልክባት ስንጥቅ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቀጥታ እዚያ ነው። «ሴት ልጅ መርካቶ ውስጥ አትንዘላዘልም» ይላሉ አባባ። ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ከመኪና ጎማ ሆድ የወጣ ከመነዳሪ እለያለሁ። ስቦ መልቀቅ ነው ሥራው፤ ቶሎ የሚመለሰው በቀኝ ለጫማ፣ እየለገመ የሚመለሰው በግራ ለጭነት ማሰሪያ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስስብና ስለቅ፣ የመሳለሚያን ወያላ ጩኸት እየሰማሁ መኪናውን ግን ሳላይ ኖርኩ።

ታላቅ እህቴ አምልጣለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ተማረች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ጎማ መሆኑን የነገረችን ቀን አባባ በሳቅ ሞቱ።

«ከጎማ ሸሽተሽ ሸሽተሽ ጎማ ላይ ወደቅሽ?»

«የእርስዎ ዓይነት አይደለም፣ አባባ። ከስኳር ነው የሚሠራው።»

በትክክል ለመናገር ከስኳር አልኮል ነው። ያሰክራል እንዳይመስላችሁ፤ ስኳር የሌለው ማስቲካ የሚጣፍጠው በእሱ ነው። ከአሲድ ጋር ምድጃ ውስጥ ቀናት ሲቆይ የሚለጠጥ ነገር ይወጣዋል። ሐኪም ሰውነት ውስጥ ቢያስቀምጠው ሥራውን ጨርሶ ቀስ በቀስ ይሟሟል ተብሎ ይታሰባል። ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ጀርሙ መሞት አለበት። ሙቀት ሊያበላሸው ስለሚችል በጨረር ይመታል። የእህቴ ጥያቄ ይሄ ነበር፤ ጨረሩ ጀርሙን ሲገድል ጎማውን ራሱን ምን ያደርገዋል?

መምህሯ እሷ የሠራቻቸውን የጎማ ቁርጥራጮች ውጭ አገር ልኮ በጨረር አስመታላት። በሦስት ፖስታ ተመለሱ፤ ጨረር ያልነካው፣ ጥቂት የነካው፣ ብዙ የነካው። ሰኞ ለፈተና ይገባሉ። እንደገና ማስላክ የማይታሰብ ነው፤ ከጠፉ ምረቃዋ ቀረ። ዶርም ይጠፉብኛል ብላ ዓርብ ዕለት ከሱቁ ጋር ወደተያያዘው ቤታችን ይዛቸው መጣች፣ ቆጡ ላይ አስቀምጣቸው ልትታጠብ ወጣች።

ጎማ ተራ ውስጥ ተለጣፊ ጎማ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ፓውደር ይነሰንስበታል። አለበለዚያ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆናል። አባባ ከጁምዓ ተመልሰው ፖስታዎቹን ገለጥ ቢያደርጉ ጣታቸው ላይ ተጣበቀባቸው። ልጄን ልርዳት ብለው ሦስቱንም አንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፉ፣ ፓውደር ነሰነሱ፣ እንደ ሽምብራ አንገዋለሉ።

እህቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች በሩ ላይ ቀረች።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ? ሊጣበቅብሽ ነበር እኮ! ምስጋናው ይሄ ነው?»

«የትኛው ከየትኛው ፖስታ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደል እንዴ?»

«እሱማ ነው ጉዱ!»

ፎጣውን ፊቷ ላይ ሳበች። እህቴ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ነው የሚያለቅሰው።

«ጨረሩ ምን ያደርገዋል ነበር ያልሽው?» አልኳት ከጥጌ ሆኜ።

«ውስጡ ያሉትን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራል... መሰለኝ። ይጠነክራል፣ መለጠጡ ይቀንሳል።»

«እንግዲያው ሰፌዱን አምጪ።»

በስንጥቋ አሾልካ ሰጠችኝ። ከጥጌ አምፖል ሥር ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ተሳበ፣ ተሳበ፣ ከዚያ ከእረፍት እንደሚመለስ ሰነፍ ተማሪ እየተጎተተ ተመለሰ። ሌላው ጥቂት ሄዶ እምቢ አለ፤ ስለቀው ጣቴን ቸብ አደረገኝ። መካከለኞቹ አስቸገሩኝ። ቆርቆሮው ግሎ ላቤ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል፣ ፓውደሩ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል፣ መዘርጊያ ቦታ የለኝም፣ ጉልበቴ ጎማውን ይገፋል። እህቴ ስንጥቋ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ታየኛለች። መቼም ወደዚያች ጥግ መግባት የፈለገ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን እሷ ፈለገች፣ አልበቃንም እንጂ።

ሦስት ክምር ሠራሁ። ሁለት ቁርጥራጭ ተረፉኝ።

«እነዚህን አላውቃቸውም።»

«በናትሽ ገምቺ!»

«አልገምትም።» አባባ የተጠራጠርሽውን ጎማ ለሰው እግር አትስጪ ነው የሚሉት።

ሰኞ እህቴ ለመምህሯ ሁሉንም ተናገረች። እሱም ፓውደሩን አሳጥቦ እያንዳንዱን ፈሳሽ ውስጥ አስነከራት። ክሩ የላላው ብዙ ጠጥቶ ያብጣል፣ የተሳሰረው እምብዛም አይጠጣም። ሦስቱ ክምሮቼ በሦስት ዓይነት አበጡ፤ ከቦታው ውጭ የተገኘ አንድም የለም! መቀላቀላቸውንና ሁለቱ ቁርጥራጮች ከፈተናው መውጣታቸውን ጽሑፏ ውስጥ እንድታሰፍር ብቻ አዘዛት።

ማታ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ልመረቅ ነው!» አባባ ጎረቤት ባለሱቁን በጩኸት ጠሩ። «ና ስማ! ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ያየውን ይቺ በአውራ ጣቷ አገኘችው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው በፍቅር ተሞልቷል። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ እጅማ አይለቀቅም። ሱቁ ያንቺ ነው፣ የትም አትሄጂ።»

እህቴ ሳቋ ተቋረጠ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩና በጎኔ ዞሬ ወደ ጥጌ ገባሁ።

በነጋታው ግማሹ ያልተጻፈበት የላቦራቶሪ ደብተሯን በስንጥቋ አቀበለችኝ። ይህን የምጽፈው በእሱ ላይ ነው፤ ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ፓውደር ይረግፋል። አባባ ከደጅ ሲጠሩኝ «መጣሁ» እላለሁ፤ ግን አረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አልነሳም።