ግራጫውን የጫንኩለት መምህር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ነበር። እናቷ ሥራ ስለነበረባት እኔ ሄድኩ። እንጅባራን የክረምቱ ጭጋግ ገና አልለቀቃትም፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ስለ ባህል የተማሩትን በጭውውት ያሳዩናል ተባለ። ደስ ብሎኝ ሳጨበጭብ፣ አንድ ልጅ የቀርከሃ ዱላ እንደ ፈረስ በእግሮቹ መሀል አስገብቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እየተንገዳገደ ብቅ አለ። ገበሬ መሆኑ ነው። ከተማ ገብቶ ሰላምታው አላልቅ ብሎት ሰው ሁሉ ሲሰለቸው የሚያሳይ ነው። ወላጁ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ወጣቷ አስተማሪ እስከ ደጅ ተከተለችኝ።

«እማማ የሺ፣ ምን አስቀየመዎት? ልጆች እኮ ናቸው!»

«ልጆቹ ምን አደረጉኝ? ያ ዱላ ነው ያናደደኝ» አልኳትና ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምን ብዬ ላስረዳት? እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ፣ ያንን ዱላ እኔ ጋልቤዋለሁ። ያስጋለበኝን ሰውዬ ደግሞ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። አርጅተሻል፣ ይቅር በይው የሚለኝ ሰው ካለ ቀድሞ ይስማኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። የዛሬዋን እንጅባራ ያኔ ቆሰበር ነበር የምንላት። ቤታችን ከቆሰበር ወጣ ብሎ ቀርከሃ የከበበው ቦታ ላይ ነው። በቤታችን የምንናገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛን እኔ በትምህርት ቤት ነው ያጠራሁት። ከፍ ያለ ክፍል በአቅራቢያችን ስላልነበረ አባቴ ዳንግላ አክስቴ ዘንድ አስቀመጠኝ። ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው ብሎ ያልዘበተበት ጎረቤት አልነበረም። እሱ ግን ለማንም አልመለሰም። ትምህርት ሲከፈት ፈረስ ላይ አፈናጦ ይወስደኛል፣ ሲዘጋ ይመልሰኛል።

ዳንግላ ላይ ግብረ ገብ የሚያስተምረን መምህር በላቸው ይባላል። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ኮትና ከረባት የማይለየው፣ ጠመኔ ይዞ ውሎ ኮቱ ላይ ነጭ ነገር የማይታይበት ሰው ነው። ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ «እሱ» ብለው ማንም አይከሰኝም። የሚያስተምረን ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት እንደሚበሉ፣ እንዴት ሰላም እንደሚሉ፣ አፍንጫ እንዴት እንደሚጠረግ ሳይቀር። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ይኸው ነው የሚያበግነኝ።

መከር እንደገባ አባቴ ለገበያ ዳንግላ መጣና ማር ሊያቀብለኝ ትምህርት ቤት ጎራ አለ። ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሮ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በር ላይ ቆመ። በኛ ዘንድ ሰላምታ ተወርውሮ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ እያንዳንዱ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱም መልስ ይጠበቃል።

«እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው? ከብቶችዎስ? አዝመራው እንዴት ያዘዎት? ጎረቤት ሰላም ነው?»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዝም ብሎ ሰማውና «ጨረሱ?» አለው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ልጆቹ እሱን በማየታቸው የተደሰቱ መስሎት ነው። ማሩን ሰጠኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ፣ እየሳቀ ሄደ። ያቺ ሳቁ አንጀቴን እንዳቃጠለችኝ አለች።

በማግስቱ መምህሩ የቀርከሃ ዱላ ይዞ ገባ። «የሺ፣ ነይ ውጪ። አንቺ ያልሠለጠነው ሰው ነሽ። ትናንት ሁላችንም አይተነዋል፣ አይደል?» አለ። የሠለጠነውን ሰው የሚጫወተው የነጋዴ ልጅ ነው፤ እጁን ዘርግቶ «ጤና ይስጥልኝ» ይልና በቃ። እኔ ዱላውን ጋልቤ መጥቼ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እየጠየቅኩ ሰውን ማሰልቸት አለብኝ። እንቢ አልኩ። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለኝ። ይህን ለአባቴ ወስጄ ምን ብዬ ልንገረው? ጎረቤቱ ሁሉ እሰይ ሊል ነው! ዱላውን ጋለብኩ። የአባቴን ድምፅ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አሳመርኩት። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ክፍላችን በመጣ ቁጥር ያ ዱላ ከጥጉ ይወጣል፣ እኔም እወጣለሁ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ያን ቀን የተሳቀው በእሱ ላይ እንደነበር ይገባዋል። ዋጥኩት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰውዬ እነዚያው የሳቁት ልጆች ፊት ቆሞ «ያንን ሰው በድዬዋለሁ» እንዲል። እስኪል ድረስ ግን እኔም ዝም አልልም። ቆይ ብቻ! እያልኩ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ የሚወድቅበትን ገደል እመርጥለት ነበር።

ጥር ላይ እግዜር ሰማኝ። ከቆሰበር ወዲያ ያሉ አንድ ባላባት መምህሩን ለልጃቸው ክርስትና ጠሩት። እሱም «አባትሽ ፈረስ አለው አይደል? ከቆሰበር እዚያ የሚያደርሰኝ ያዘጋጅልኝ» አለኝ። አባቴ ሲሰማ በደስታ መቀመጫ አጣ። የልጄ አስተማሪ በኔ ፈረስ! የጥምቀትን በዓል ምክንያት አድርጌ እኔም ቤት ነበርኩ።

ያን ዕለት ጠዋት ግን አባቴ ለቅሶ ነበረበት። ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት አንድ ልጇ፣ ያውም ስመ ጥር ፈረሰኛ፣ ሞቶባት አገሩ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ሲወጣ «ዳማውን ጫኚለት፤ ዳማው እንደ በግ ነው። መንገዱን አንቺ ምሪው» ብሎኝ ሄደ።

ሁለት ፈረስ ነበረን። ዳማው እውነትም በግ ነው። ግራጫው ግን የለቅሶ ፈረስ ነው። በኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ወዳጅ ዘመዱ በፈረስ እየጋለበ፣ እያለቀሰ፣ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። ግራጫው በዚህ ያረጀ ነው፤ ጡሩምባ ከሰማ ልጓም የሚባል ነገር አያውቅም፤ በርሮ ሜዳው ውስጥ ገብቶ መዞር ነው። እኔ ማንን እንደጫንኩ ከእንግዲህ መንገር አያስፈልገኝም። መንገዱም ሁለት ነበር። አንደኛው በቀርከሃው ውስጥ ያልፋል፣ ሌላው በለቅሶው ሜዳ ጥግ። በሜዳው መራሁት።

ውርጩ ገና አልረገፈም። መምህሩ ከረባቱን አስሮ፣ አዲስ ባርኔጣ ደፍቶ፣ «ምን ዓይነት ረጋ ያለ ፈረስ ነው!» ይለኛል። እኔ በእግሬ ከፊት እየሄድኩ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ከጉብታው ጀርባ ጡሩምባው ጮኸ። ግራጫው ጆሮውን አቆመ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የኮቱን ጅራት ብቻ ነው።

እየሮጥኩ ስደርስ ግራጫው የለቅሶተኛውን ክብ በሽምጥ እየዞረ ነው። መምህር በላቸው አንገቱ ላይ ተጣብቆ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ይላል። ባርኔጣው አንድ ቦታ፣ ጫማው ሌላ ቦታ። ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ በመጨረሻ አልቃሿ ፊት ዘጭ! አለ። አሁን ይሳቅበታል አልኩ። አገር ምድሩ የተሰበሰበበት ቦታ ነው፤ እስኪ ይቅመሳት!

ማንም አልሳቀም።

በለቅሶ ላይ በፈረስ ዞሮ፣ ጮኾ፣ ራሱን መሬት ላይ የጣለ ሰው ሐዘን ያንገበገበው ዘመድ ነው እንጂ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። «ውይ አንጀቱ! ከዳንግላ የመጣ ጓደኛው ነው መሰል» ተባባሉ ሴቶቹ። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው አነሱት። የሟች እናት እየተንገዳገደች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ልጄን ታውቀው ነበር? ለልጄ ብለህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

እሱ እኔን አየኝ። እሷን አያት። ከዚያ «አዎ፣ እናቴ» አለና እንባው ወረደ። ከሕመም ይሁን ከድንጋጤ ይሁን ከሌላ፣ አላውቅም፤ ላውቅም አልፈልግም። ቀኝ ክንዱን ደግፎ በገዛ ጋቢው አፈሩን ከፊቱ የሚጠርግለት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቴ!

ክርስትናው ቀረ። መምህሩ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት የለቅሶ ዘመድ ሆነ፤ እሱ ሲሞት እነሱ በፈረስ ይመጡለታል ማለት ነው። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ የያዝኩት ንፍሮ እንደ ጠጠር ሆነብኝ። እኔ ልጥለው፣ እነሱ ሊያነሱት! እርር ድብን አልኩ።

አመሻሽ ላይ አባቴ ወደ ቤታችን ይዞት መጣ። «ለምን ግራጫውን ጫንሽ?» ሲለኝ «ዳማው አነከሰ» አልኩት። ትኩስ ድንች በኑግ ልጥልጥ ቀረበ፣ የዳጉሳ አረቄ ተቀዳ። እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። ውሃውን ሳፈስስለት አጎነበስኩና በሹክሹክታ «ለክፍሉ ይንገሩ» አልኩት።

«ምኑን?»

«አባቴን እንደበደሉት። የሳቁት ልጆች ፊት፣ እርስዎ በአፍዎ።»

ወደ አባቴ ዞር ብሎ አየ። አባቴ ለእሱ የሚሆን ድንች እየመረጠ ይልጥ ነበር። መምህሩ ፊቱ ፍም መሰለ። «ትምህርት ሲከፈት እናገራለሁ» አለኝ። «ለአባትሽ ግን አትንገሪ፣ አደራ።»

ትምህርት ተከፈተ። ዱላው ከጥጉ ጠፍቷል። መምህሩ ስለ ሰላምታ እንደገና አስተማረ። እንዴት ያለ ትምህርት መሰላችሁ! ሰውን ስለ ከብቱና ስለ ጎረቤቱ የሚጠይቅ ሕዝብ ሰው ብቻውን እንደማይኖር የገባው ነው አለ። ከአንዱ ለቅሶ የሌላው ዝምድና እንዴት እንደሚወለድ አስረዳ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። እኔ ያቺን አንዲት ቃል እየጠበቅኩ ዴስኩን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ደወል ተደወለ፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠበቅኩ። ዓመቱን ሙሉ ጠበቅኩ። ስለ ባህላችን ያልተናገረው ነገር የለም፣ ስለ አባቴ ግን አልተነፈሰም።

ይባስ ብሎ የአባቴ ወዳጅ ሆነ። በዓል በመጣ ቁጥር ከዳንግላ ይመጣል፣ እኔ እጁን አስታጥባለሁ። አባቴ «እንደ በላቸው ያለ ሰው አክባሪ አላየሁም» ሲል ማሰሮውን ባናቱ ላይ ብሰብርለት ደስታዬ ነበር። ምን ላድርግ? እውነቱን ባወጣው የሚያፍረው አባቴ ነው። ሰውዬው ይህን አውቆ በዝምታዬ ውስጥ ተመቻችቶ ኖረ።

እኔም በኋላ አስተማሪ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም ልጅ አባቱን እንዲጫወት አላደረግኩም። ይህን እሱ አስተማረኝ ብሎ የሚያመሰግነው ካለ ያመስግነው።

መምህር በላቸው ዳንግላ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ እዚያው ሞተ። እኔ ያኔ ጫግኒ ነበርኩ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ዳንግላ ድረስ ወረዱለት። አባቴ ዓይኑ ደክሞ፣ ሰው እየመራው፣ በፈረስ ዞረለት። ለኔም ነይ ብሎ ላከብኝ። አሞኛል ብዬ መለስኩና ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። በኋላ ሲያገኘኝ «ልጄ፣ መምህርሽ አፈር ሲለብስ? ምን ነካሽ?» አለኝ። አባቴም ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ፤ እኔ ላይ ቅር እንዳለው።

ይህችን አንዲት ቅሬታ ደግሞ በመምህሩ ሂሳብ ላይ ጨምሬያታለሁ።

በኛ ዘንድ የለቅሶ ጊዜ አያልፍም፤ ዓመታት ቆይቶም ይደረሳል። የመምህሩ ሴት ልጅ ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። ከሚኒባስ ስወርድ አይታኝ ትሮጣለች፣ «እማማ የሺ፣ አባዬ እኮ ስምዎን ሳያነሳ አይውልም ነበር» ትለኛለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ምንም አላደረገችኝም። እስማታለሁ፣ ልጆቿን እጠይቃታለሁ። ዓይኗ ግን አንድ ነገር ይጠብቃል፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንድላት። አፌ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ። አባቷም አንዲት ቃል ነበረችው፣ አፉ ላይ ደርሳ መለሳት። እኔም የሱን ለቅሶ አልደረስኩም። አልደርስምም።