የእትዬ ኮሌታ ቅርጫት

እትዬ ኮሌታ ማለት እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። በሸሚዝ ፋብሪካችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስለሰፋች እኛ ነን ያወጣንላት። ኮሌታውን ትሰፋለች፣ ክሩን በጥርሷ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ በግራዋ ወዳለው ቅርጫት ትወረውረዋለች። ስታ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ከጎኗ እጅጌ እየሰፋሁ ወደ ራሴ ቅርጫት ስወረውር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኮሌታ ስፊ ብትሉኝ ዓይኔ ይፈጣል።

አንድ ሰኞ አለቃችን ሰብስቦን አሠራሩ ሊቀየር መሆኑን ነገረን። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ሸሚዝ ይሰፋል። «አንድ ነገር ብቻ እየሰፋችሁ ሰልችቷችኋል፤ ሥራውም ተጓቷል» አለ። እውነቱን ነው፣ ሰልችቶናል። ግን መሰልቸትም ይለመዳል። ዓርብ ፈተና አለ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸሚዝ ያልጨረሰ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ከጀማሪዎች ጋር ክር ሲቆርጥ ይውላል።

እትዬን ጭንቅ ጥብብ አላት። «እጅጌው ነው የሚገድለኝ! በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ እኩዮች ጋር ቆሜ ክር ልቁረጥ?»

ምሳችንን እየተውን በቁራጭ ጨርቅ እኔ እጅጌ አሳየኋት፣ እሷ ኮሌታ አሳየችኝ። የመጀመሪያው እጅጌዋ ለሰው ክንድ የሚሆን አልነበረም፤ ሳቅሁባት። የእኔን ኮሌታ ስታይ ግን የእጄን ሰጠችኝ። «ይሄን የሚለብሰው ሰውዬ አንገት የለውም እንዴ?»

ዓርብ መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። ትከሻውን ገጠመች፤ ኮሌታውንማ ዓይኗን ጨፍና ሰፋችው። እጅጌው ላይ ስትደርስ ላብ አጠመቃት። አንዴ ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ አማረ። ቁልፎቹን ተክላ ሸሚዙን ለአለቃችን ሰጠችው።

ዘረጋው፤ ገለበጠው።

«እትዬ፣ ኮሌታውስ?»

ክው አልን። ኮሌታው በግራዋ ካለው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ሐሳቧ እጅጌው ላይ እያለ እጇ የለመደውን ሠርቷል።

«ስንት ደቂቃ ቀረኝ?»

«ሰባት።»

ሸሚዙን ከእጁ ነጠቀችው። ኮሌታውን ከቅርጫቱ አውጥታ መግጠም ጀመረች። እኔ ሰዓቱን ለማየት ፈራሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። አለቃችን ኮሌታውን ዳሰሰና «አልፈሻል፣ እትዬ» አላት። ወንበሯ ላይ ዝርግፍ አለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ቀጥሎ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ከመቀመጤ በፊት ግን የእጅጌ ቅርጫቴን አንስቼ ከበሩ ውጭ አስቀምጬው መጣሁ።