ከአግዳሚው ጫፍ

መምህርቷን የሥራ ባልደረቦቿ «ባለ አግዳሚዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የሒሳቡ መምህር ነው፤ ሰውዬው ስም መለጠፍ ይችልበታል። ትምህርት ሊጀመር ሰሞን ከዕቃ ቤት አንድ እግሩ የሚወላገድ አግዳሚ ወንበር ብቻዋን እየጎተተች ወደ ሁለተኛ ክፍል ስታስገባ አያትና፣ «እትዬ፣ አውቶብስ ሊጠብቁበት ነው?» አላት። ሳቀችለትና መጎተቷን ቀጠለች።

ሠላሳ ዓመት አስተምራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ስታነብ ልጆቹ ተከትለዋት ሲጮኹ ኖረዋል። በየዓመቱ ታዲያ አሥር አሥራ አምስቱ አንድ ቃል ሳያነቡ በጩኸቱ መሀል ሾልከው ሦስተኛ ክፍል ይገባሉ። ፈርማ የምታሳልፋቸው ደግሞ ራሷ ናት። ይህ ነገር ያንገበግባታል። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባችና ልጆቹን እንደ ችሎታቸው ከፋፍላ፣ ጥቂት ጥቂቱን እያስቀመጠች አንድ በአንድ ልታስነብብ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ስልሳ ስምንት ልጅ ይዘው?» አላት።

«ይዤ።»

«እንግዲህ ይሞክሩት። ግን ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ያያል። ካነበቡ ይቀጥላሉ፤ ካላነበቡ እንደ ድሮው በጋራ ነው።»

ለየቡድኑ የቀለም ስም አወጣች፤ ማን ደካማ፣ ማን ጎበዝ እንደሆነ እንዳይታወቅ ብላ። ልጆች መቼ ይታለላሉ! በሳምንቱ ሰው ሲሳደብ «አንተ ቀይ!» ማለት ተጀመረ።

ከቀዮቹ መሀል የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ክፍል ስትቀመጥ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እናትየው በር ላይ ቆማ ቁርጡን ተናግራለች፤ «ዘንድሮም ከወደቀች አልመልሳትም፤ ከእኔ ጋር ልብስ ታጥባለች።» መምህርቷ ያን ቀን ይቺን ልጅ ሳላስነብብ ጡረታ አልወጣም ብላ ለራሷ ማለች።

የአግዳሚው አሠራር እንዲህ ነው። ስድስት ልጆች ይደረደራሉ፤ ሌሎቹ ከሰሌዳው ይገለብጣሉ። ስድስቱም ያንኑ አንድ ገጽ ተራ በተራ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያደረጉ ያነባሉ፤ እሷ እየሰማች ታርማለች። ልጅቷ ዓይን አፋር ስለሆነች፣ ተራዋ እስኪደርስ ትረጋጋ ብላ ከጫፍ አስቀመጠቻት። በአምስተኛው ሳምንት ልጅቷ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችው። መምህርቷ ደስታ ሊገድላት ነበር፤ ብድግ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። በማግስቱም ደገመችው። ወዲያው ወደ አረንጓዴዎቹ አዛወረቻት። እነሱን የምታዳምጠው በሳምንት አንዴ ነው፤ ልጅቷም እዚያ ሄዳ ያቺኑ የለመደቻትን ጫፍ ያዘች። «ልጅሽ አንባቢ ወጥቷታል» ብላ ለእናቲቱ አበሰረቻት።

ሱፐርቫይዘር መቼም ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካለ የሚመጣው አራት ሰዓት ነው። መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከኋላ ቁጭ ብሎ፣ «እስቲ ከተሻሻሉት አንዷን ያሰሙኝ» አለ። መምህርቷ ያለ ማመንታት የልብስ አጣቢዋን ልጅ ጠራች።

«ቲቸር፣ እኔ መጨረሻ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ፣ የኔ ልጅ።»

ሰውዬው ያልተማሩትን ገጽ ገለጠላት። ልጅቷ አጎንብሳ የጫማዋን ጫፍ ታይ ጀመር። «የለመደችውን ትሞክር» አለና ባለፈው ሳምንት ያነበቡትን ገለጠላት። ይኼኔ ድምፅዋ ወጣ። «ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ድመቷ አየቻት። ጣትሽን ከቃሉ ሥር። ዶሮዋ ሮጠች። አንተ፣ መስኮቱን ተው። ድመቷም ተከተለቻት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም። መዳፉን ቀስ አድርጎ ገጹ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ አላቋረጠችም፤ እጁን እያየች እስከ መጨረሻው ወጣችው።

መምህርቷ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። ከጫፍ ያስቀመጠቻት ራሷ ናት። ተራዋ እስኪደርስ ያንን ገጽ አምስት ጊዜ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች፤ ሌላ ቀን የመምህርቷን ተግሣጽ ከታሪኩ ለይታ ትተወው ነበር፣ ዛሬ ግን ፍርሃቱ ሁሉንም ደባለቀባት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላትን ልጅ አንድ ቀን እንኳ አስቀድማ አስነብባት ቢሆን ኖሮ! በራሷ ላይ የተሰማት ንዴት ልክ አልነበረውም።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ፤ ብዛታቸው ነው» አላት ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ሰኞ የሒሳቡ መምህር አግዳሚውን ወደ ዕቃ ቤት ሲመልስ በአንድ ጎን ያዘችለት። ቀልድ አልቀለደባትም። ክፍሉ ወደ ጋራ ንባብ ተመለሰ፤ እሷ ታነባለች፣ ስልሳ ስምንቱ ይጮኻሉ። ከሁሉም በላይ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ቃል አትስትም። መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ለብቻዋ ልታስነብባት ሞከረች፤ ግን እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሌሎቹም አምስት ቀዮች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዓመቱ አለቀ።

የውጤት ካርዱ ላይ «ንባብ» የሚል መስመር አለ። እውነቱን ብትጽፍ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ልብስ አጣቢ ልትሆን ነው። ብትዋሽ ደግሞ ልጅቷ በየዓመቱ ፈርማ ካሳለፈቻቸው ከነዚያ አሥራ አምስቶቹ አንዷ ልትሆን ነው። እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጻፈችና ፈረመች።

ልጅቷ ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ገለበጠችው፣ መልሳ አቃናችው።

«ቲቸር፣ ምን ይላል?»

መምህርቷ መስመሩን በጣቷ አሳየቻት።

«ታነባለች ይላል።»

ልጅቷ ፊቷ በራ። ጣቷን ከቃሉ ሥር አደረገችና፣ ጮክ ብላ፣ «ታነባለች ይላል» አለች።